ጃናሞራ ድረስ ማን ያድርስ? የፖስታ ቤት ማሻሻያ ሲባል ምን ማለት ነው

ጎንደር መናኸሪያ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ብትደርሱ አንድ ፖስታ ቤት ሥራ ላይ ታገኛላችሁ። ታፔላ የለውም። መስኮት የለውም። ቴምብርም አይሸጥም።

አንዲት እናት ሽሮና በርበሬ በማዳበሪያ ከረጢት አስረው ቆመዋል። ከጎናቸው አንድ ወጣት ካኪ ፖስታ ይዟል። ረዳቱ ጣራ ላይ ሆኖ ዕቃ እያሰረ ወደ ታች ይጮሃል። «የት ነው?» «ገንዳ ውሃ። ሰው ይቀበልሃል።» ረዳቱ ይወርድና ፖስታውን ይቀበላል። ጀርባው ላይ የተቀባዩን ስልክ ይጽፋል። ልጁ የመኪናውን ታርጋ በስልኩ ፎቶ ያነሳል፣ የረዳቱን ቁጥር ይይዛል፣ ሁለቱንም እዚያው ቆሞ ለተቀባዩ ይልካል። የሻይ ይሰጣል። መኪናው ይወጣል።

እኔም ስንቴ እንዲህ ልኬያለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ይደርሳል። አንድ ጊዜ ግን የእህቴ ልጅ ሥራ አገኘችና ዋናውን የትምህርት ማስረጃ አምጪ ተባለች። እሷ ሌላ ከተማ ናት፣ ማስረጃው እኔ ቤት ነው። በሚኒባስ ላክሁት። መኪናው መንገድ ላይ ተበላሸ። ተሳፋሪው ወደ ሌላ መኪና ሲዛወር ፖስታው ከሾፌሩ ወንበር ኋላ ቀረ። የረዳቱ ስልክ አይሠራም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ እህቴ እንቅልፍ አልወሰዳትም። በዘጠነኛው ቀን ማስረጃው ጥጉ ዘይት ጠጥቶ ጋራዥ ውስጥ ተገኘ።

ማንም ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ጠፍቶ ቢቀር ኖሮ ማንን ልጠይቅ ነበር? ደረሰኝ የለኝ፣ ውል የለኝ።

ፖስታ ቤት ከሕንፃውና ከመኪናው በፊት ይህ ነው። የማታውቁት ሰው የእናንተን ዕቃ ተቀብሎ፣ ፈርሞ፣ ለማታውቁት ሌላ ሰው ሲያስረክብ፣ መጨረሻ ላይም የሚጠየቅ አካል ሲኖር። ተመዝግቦ የሚላከውን «የአደራ ደብዳቤ» የምንለው በከንቱ አይደለም።

ሰሞኑን በየአገሩ «የፖስታ ዘርፍ ማሻሻያ» የሚባል ነገር ይሰማል። ብዙ ሰው ሲሰማው መስኮት መቀባትና ኮምፒውተር መግዛት ይመስለዋል። ነገሩ ከዚያ ጠለቅ ይላል። የሚከብደውም ቴክኖሎጂው ሳይሆን «ማን ይክፈል?» የሚለው ጥያቄ ነው። እሱን ለማየት ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

አንድ ዋጋ ለሁሉም

ድሮ እንግሊዝ አገር ደብዳቤ የሚከፈልበት በርቀቱና በወረቀቱ ብዛት ነበር። ደግሞ በብዛት የሚከፍለው ተቀባዩ ነው። ዋጋው ውድ ስለሆነ ሰው ዘዴ አበጀ። ላኪው ከፖስታው ውጭ ትንሽ ምልክት ያደርጋል፤ ተቀባዩ ምልክቱን አይቶ መልእክቱን ይረዳና «አልቀበልም» ብሎ ይመልሰዋል። እኛ «ሚስኮል» እንደምናደርገው ማለት ነው።

ሮውላንድ ሂል የሚባል ሰው ሒሳቡን ቁጭ ብሎ መረመረው። ያገኘው ነገር ያልተጠበቀ ነበር። ደብዳቤን ሩቅ ቦታ መውሰዱ ብዙ አያስወጣም። ወጪው ያለው መቀበሉ፣ መለየቱ፣ ዋጋውን ማስላቱና በር አንኳኩቶ ገንዘብ መሰብሰቡ ላይ ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1840 አዲስ ሥርዓት ተጀመረ። ላኪው ቀድሞ ይከፍላል፣ ለከፈለበት ቴምብር ይለጠፋል፣ ዋጋው በአገር ውስጥ ለየትኛውም ቦታ አንድ ነው። በአንድ ዓመት የደብዳቤው ብዛት ከእጥፍ በላይ ሆነ።

«ለየትኛውም ቦታ አንድ ዋጋ» የሚለው ሐሳብ የፖስታ ቤት ነፍስ ነው። ቆይተን እንመለስበታለን። ችግሩም የሚነሳው ከእሱ ነውና።

በእኛ አገር ደብዳቤ በሰው እግር ነበር የሚሄደው። መልእክተኛው ደብዳቤውን በተሰነጠቀ በትር ጫፍ ሰክቶ ይጓዛል፤ በትሩን ያየ ሁሉ የመልእክት ሰው መሆኑን ያውቃል። ዘመናዊው ፖስታ የተጀመረው በአፄ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ፓሪስ ታተሙ። ሰባት ዓይነት ነበሩ። አራቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ምስል፣ ሦስቱ ላይ አንበሳ አለ። ነገር ግን ያ ቴምብር ከጅቡቲ አያልፍም ነበር። ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ ጅቡቲ ሲደርስ የፈረንሳዮቹ ቴምብር ይጨመርበታል። ይህ የቀረው በ1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ስትሆን ነው። ኅብረቱ እ.ኤ.አ. በ1874 በርን ከተማ ላይ ሲመሠረት የያዘው ሐሳብ ቀላል ነው፦ ዓለም ሁሉ ለደብዳቤ እንደ አንድ አገር ይቆጠር። ከጎንደር የተለጠፈ ቴምብር ቶኪዮ ድረስ ይሠራል። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል። በስንት ነገር የማይስማሙ መንግሥታት በዚህ ተስማሙ።

ፒያሳ ያለውን የጣልያን ዘመን ሕንፃ ታውቁታላችሁ። ጎንደር ፖስታ ቤት ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው እሱ ነው። ፖስታ ሳጥን ማለት ደግሞ ያቺ በቁልፍ የምትከፈት ትንሽ የብረት በር ናት። ብዙዎቻችን የራሳችን የለንም። የመሥሪያ ቤታችንን፣ የትምህርት ቤታችንን ነው የምንጠቀመው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፖስታ ሳጥን ቁጥር 196 ነው። በዓለም ላይ ያሉ የሕክምና መጽሔቶችን ብታገላብጡ ከጎንደር ተመራማሪዎች ስም ሥር ይህችን 196 ቁጥር ታገኛላችሁ። ስንትና ስንት ሰው በአንዲት ሳጥን ይኖራል ማለት ነው።

ሒሳቡ የት ላይ ተበላሸ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጃናሞራ የምትባለውን ተራራማ ወረዳ እናስብ። ዋና ከተማዋ መካነ ብርሃን ናት። ከጎንደር ደባርቅ፣ ከደባርቅ በስሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ፣ ከዚያ ቧሂት ሥር ከ4,000 ሜትር በላይ ያለውን መተላለፊያ ተሻግሮ ነው የሚደረሰው። ክረምት ላይ ያንን መንገድ የሄደ ያውቀዋል።

የሚከተሉት ቁጥሮች ለማስረዳት ያህል እኔ ያወጣኋቸው ናቸው፤ የማንም መሥሪያ ቤት ሒሳብ አይደሉም። ፒያሳ ያለ ቅርንጫፍ በወር 10,000 ዕቃ ያስተናግዳል እንበል። ወጪው 200,000 ብር ነው። ለአንድ ዕቃ 20 ብር ወጣበት ማለት ነው። መካነ ብርሃን ያለው ደግሞ በወር 200 ዕቃ ብቻ አለው፣ ወጪው 20,000 ብር። ለአንዱ 100 ብር። ዋጋው ለሁሉም ቦታ 30 ብር ቢሆን ፒያሳ በወር 100,000 ብር ያተርፋል፣ መካነ ብርሃን 14,000 ብር ይከስራል። የአንድ ፒያሳ ትርፍ እንደ መካነ ብርሃን ያሉ ሰባት ቅርንጫፎችን ይሸከማል። ፖስታ ቤት በዓለም ሁሉ ከመቶ ዓመት በላይ የኖረው በዚህ መንገድ ነው። የከተማው ደብዳቤ የገጠሩን ይከፍላል።

ከዚያ ስልክ መጣ። ቴሌግራም መጣ። ገንዘብ በፖስታ ሐዋላ መላክ የነበረበት ሰው ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌብር ይልካል። የፒያሳው 10,000 ዕቃ 5,000 ሆነ እንበል። ወጪው ግን በግማሽ አይወርድም። ቤቱ ያው ነው፣ ሠራተኛው ያው ነው፣ መኪናው ጎዶሎም ቢሆን ይሄዳል። 180,000 ብር ቢሆን ለአንዱ ዕቃ 36 ብር ነው። በ30 ብር ዋጋ ፒያሳም 30,000 ብር ከሰረ። አሁን መካነ ብርሃንን የሚሸከም ጠፋ።

እዚህ ላይ ሞተረኛው ይመጣል። ከፒያሳ ማራኪ፣ ከማራኪ አዘዞ በ25 ብር አደርሳለሁ ይላል እንበል። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ይሠራል። ግን ጃናሞራ አይሄድም። የሚያዋጣውን ወስዶ የማያዋጣውን ለፖስታ ቤቱ ይተውለታል። በሞተረኛው አትፍረዱ፤ ግዴታ የለበትም። ግዴታው ያለበት ፖስታ ቤቱ ነው።

ይህ ግዴታ ስም አለው። በዓለም ፖስታ ኅብረት ስምምነት እያንዳንዱ አባል አገር ለሕዝቡ ሁሉ፣ በአገሩ ሁሉም ቦታ፣ በሚቻል ዋጋ፣ መሠረታዊ የፖስታ አገልግሎት እንዲያቀርብ ይጠበቃል። «ሁሉም ቦታ» የሚለው ቃል ላይ ቆም በሉ። ጃናሞራም በለሳም ሁሉም ቦታ ውስጥ ናቸው።

«ደብዳቤ ቀረ፣ ፖስታ ቤት ይቅር» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። የዴንማርክን ምሳሌ ያነሳሉ። እውነት ነው፣ የዴንማርክ ፖስታ ከአራት መቶ ዓመት በኋላ በታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. ደብዳቤ ማድረሱን አቆመ። ዴንማርክ ግን ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ኢንተርኔት አለው፣ መንግሥት ለዜጋው የሚጽፈው በኢንተርኔት ሳጥን ነው፣ በየቤቱ ቁጥርና በየመንገዱ ስም አለ፣ ጥቅል የሚያደርሱ ድርጅቶችም ሞልተዋል። የቆመው የፖስታ ቤቱ ደብዳቤ ነው እንጂ ሰው ጋ መድረሱ አልቆመም። እኛ ጋ ፖስታ ቤቱ ቢዘጋ የሚተካው የመናኸሪያው ረዳት ነው።

ሌሎች ምን አደረጉ?

ደቡብ አፍሪካን ላስቀድም፤ ሲበላሽ ምን እንደሚመስል ያሳያል። የአገሪቱ ፖስታ ቤት ለዓመታት ሲከስር ቆየ። ለኪራይ፣ ለአቅራቢ፣ ለሠራተኛ ጡረታ የሚከፍለው አጣ። እ.ኤ.አ. በ2023 ከመክሰር ለማዳን በሕግ ልዩ አስተዳዳሪ ሥር ገባ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ቅርንጫፎች ተዘጉ። ሺዎች ከሥራ ተሰናበቱ። ግዴታውን ለብቻው እየተሸከመ የሚከፍለው በወቅቱ ያልመጣለት መሥሪያ ቤት መጨረሻው ይህ ነው። ሲዘጋም መጀመሪያ የሚዘጋው የሚከስረው ነው። የሚከስረው ደግሞ ሩቁ ነው።

ሕንድ ሌላ መንገድ ያዘች። ለእኛ በጣም የሚቀርበው ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሕንድ ከ150,000 በላይ ፖስታ ቤት አላት። ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ገጠር ነው። ይህን ሁሉ እንዴት ቻለችው? የገጠሩ ፖስታ ቤት እኛ የምናስበው ዓይነት ሕንፃ አይደለም። አብዛኛው አንድ ክፍል ነው፤ የሰውየው ቤት ወይም ሱቅ። የሚሠራውም እዚያው መንደር የሚኖር፣ ሌላ ገቢ ያለው ሰው ነው። ገበሬ ሊሆን ይችላል፣ ባለሱቅ ሊሆን ይችላል። በቀን አራት አምስት ሰዓት ይሠራል፣ ለዚያው ይከፈለዋል። ሚዛን፣ ማኅተምና መዝገብ ይዞ ይቀመጣል። ከዚያ ከረጢቱን አንጠልጥሎ በየበሩ ያደርሳል።

እ.ኤ.አ. በ2018 በዚህ መረብ ላይ የፖስታ ባንክ ተጨመረበት። የመንደሩ ፖስተኛ ስልክና የጣት አሻራ ማንበቢያ ይዞ ይዞራል። አንዲት አሮጊት የመንግሥት ድጋፍ ገንዘባቸው ገብቶላቸው ከሆነ በራቸው ላይ ቆመው ጣታቸውን ያሳርፋሉ፤ ብሩን ይቆጥርላቸዋል። ደብዳቤ ያመጣ የነበረው እግር አሁን ገንዘብ ያመጣል።

ይህን ሳነብ የታየኝ የጭልጋና የአርማጭሆ የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ናቸው። መጋዘን አላቸው፣ መዝገብ አላቸው፣ ማዳበሪያ ሲያከፋፍሉ እያንዳንዱን ገበሬ በስሙ ያውቁታል። ለእነሱ ሚዛን፣ አንድ ስልክና ለእያንዳንዱ ዕቃ የተወሰነ ክፍያ ቢሰጣቸው ፖስታ ቤት ናቸው። አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። ሕንድም ቢሆን ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ አልሆነላትም፤ የገጠር ፖስተኞቹ ክፍያችን ዝቅተኛ ነው ብለው በተደጋጋሚ ሥራ አቁመዋል። እኛም ብንጀምረው ይህን ቀድመን ማሰብ አለብን። በርካሽ የሚሠራ ሰው ለዘላለም በርካሽ አይሠራም።

ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1999 ፖስታና ስልክን ለያየች። ትርፉ ከስልክ ጋር ሄደ፣ ግዴታው ከፖስታ ጋር ቀረ። ይህ በብዙ አገር የሆነ ነገር ነው። በ2007 ደግሞ ኤምፔሳ መጣና የገንዘብ መላኩን ሥራ ወሰደ። ኬንያ ከዚያ ሁለት ነገር አደረገች። አንደኛው፣ «ሁዱማ» የሚባሉ የአንድ መስኮት አገልግሎት ማዕከሎችን ብዙዎቹን ፖስታ ቤቶች ውስጥ ከፈተች፤ መታወቂያ፣ የልደት ካርድ፣ የመሳሰለው እዚያ ያልቃል። ሁለተኛው ኤምፖስት ይባላል። ስልክ ቁጥራችሁ ፖስታ ሳጥናችሁ ይሆናል። ደብዳቤ ሲመጣ መልእክት ይደርሳችኋል፣ ሄዳችሁ ትወስዳላችሁ። ሳጥን ተከራይቶ በየሳምንቱ ባዶ ሳጥን ከፍቶ መመለስ ቀረ። ጎንደር ላይ ይህ ነገ ቢጀመር የሚቃወም ሰው አይታየኝም። መናኸሪያ ያለው ረዳት ከፖስታው ጀርባ የሚጽፈው እኮ ስልክ ቁጥር ነው።

ሞሮኮ የፖስታ ቤቱን ቁጠባ እ.ኤ.አ. በ2010 ሙሉ ባንክ አደረገችው። በዚህ ብዙ አልቆይም። እኛ አገር ባንክና የስልክ ገንዘብ ቀድመው ስለገቡ ፖስታ ቤት በባንክነት እንዲያድን መጠበቅ የዘገየ ይመስለኛል። ወኪል ሆኖ መሥራት ግን ይችላል።

«ከወፍጮ ቤቱ ወረድ ብሎ»

አንዲት ጓደኛዬ ቤቷ ውስጥ የባህል ልብስ ትጠልፋለች። ትእዛዝ በቴሌግራም ይመጣላታል። ባለፈው ወር ቀሚስ አሽጋ ለሞተረኛ ስትሰጥ አጠገቧ ነበርኩ። ቀሚሱን በነጭ ወረቀት፣ ወረቀቱን በፌስታል ጠቀለለችው። አድራሻውን በስልክ ስትነግረው እንዲህ ነው፦ «አውቶ ፓርኮ ታውቃለህ? ከዚያ ወረድ በል። ወፍጮ ቤት አለ። ወፍጮ ቤቱን አልፈህ አረንጓዴ በር። ካጣኸው ደውልልኝ። እሷም ትወጣልሃለች።»

ልጁ ሦስት ጊዜ ደወለ። አረንጓዴው በር ተቀይሮ ቡናማ ሆኗል።

የአድራሻ ችግር ትንሽ ነገር ይመስላል። አይደለም። አንድ ፖስተኛ በየቤቱ ሦስት ጊዜ መደወል ካለበት በቀን 80 ቤት የሚደርሰው ልጅ 20 ቤት ብቻ ይደርሳል። የእያንዳንዱ ዕቃ ወጪ አራት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ጋና እ.ኤ.አ. በ2017 አገሩን ሁሉ አምስት ሜትር በአምስት ሜትር ከፍላ ለእያንዳንዱ ካሬ ኮድ ሰጠች። በስልክ መተግበሪያ ታየዋለህ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ኮድ ስልክ ውስጥ ብቻ ከሆነ አያገለግልም። አላፊ አግዳሚው የሚያነበው፣ ግድግዳ ላይ የተመታ ቆርቆሮ ያስፈልጋል። ሠፈራችን ውስጥ የቤት ቁጥር የተጻፈባቸው በሮች አሉ። ቁጥር 214 ካለው ቤት ቀጥሎ ግን 87 ልታገኙ ትችላላችሁ። ቁጥሩ የተሰጠው በተመዘገቡበት ተራ ነውና።

ስለዚህ የፖስታ ማሻሻያ ግማሹ ሥራ ፖስታ ቤት ውስጥ የለም። ከተማ አስተዳደሩ ጋ ነው። መንገዱን ስም መስጠት፣ ቤቱን በመንገዱ ቅደም ተከተል መቁጠር፣ ከግራ ጎዶሎ ከቀኝ ሙሉ ቁጥር። ይህ አንዴ ከተሠራ ለአምቡላንስም፣ ለእሳት አደጋም፣ ለውሃና መብራት ቆጣሪ አንባቢም ይሆናል።

ከውጭ የሚመጣው ጥቅል

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ሒሳብ አለ። ከቻይና ጫማ ብታዘዙ ዋጋውን የከፈላችሁት ለቻይና ነው። ከአዲስ አበባ ጎንደር የሚያደርሰው ግን የኢትዮጵያ ፖስታ ነው። እሱ ከየት ያገኛል?

መጀመሪያ ላይ ምንም አያገኝም ነበር። የዓለም ፖስታ ኅብረት ያሰበው እንዲህ ነው፦ ለእያንዳንዱ ደብዳቤ መልስ አለው። እኔ የአንተን በነፃ አደርሳለሁ፣ አንተ የእኔን በነፃ ታደርሳለህ፣ ዞሮ ዞሮ እኩል ነን። ለደብዳቤ ዘመን ደስ የሚል ሐሳብ ነበር። ግን ድሃ አገር ብዙ ይቀበላል፣ ጥቂት ይልካል። እ.ኤ.አ. በ1969 በቶኪዮ ጉባኤ ላኪው አገር ለተቀባዩ አገር የማድረሻ ክፍያ እንዲከፍል ተወሰነ። ለታዳጊ አገሮች አገልግሎት ማሻሻያ የሚውል ልዩ ፈንድም በኋላ ተጨመረ።

ጫማ መልስ የለውም። ስለዚህ ይህ ክፍያ ስንት ይሁን የሚለው ትልቅ ጠብ ሆነ። አሜሪካ ከቻይና የሚመጣው ጥቅል በጣም ርካሽ ሆነብኝ ብላ እ.ኤ.አ. በ2018 ከኅብረቱ እወጣለሁ አለች። በዚያው ዓመት ኅብረቱ ልዩ ጉባኤውን ያካሄደው አዲስ አበባ ላይ ነበር። ነገሩ የተፈታው በ2019 ጄኔቭ ላይ ነው፤ አገሮች የማድረሻ ዋጋቸውን ራሳቸው የሚያሳውቁበት አሠራር ጸደቀ።

ለእኛ ትርጉሙ ቀጥተኛ ነው። ገንዘቡ የሚከፈለው በተቆጠረና በተመዘነ ዕቃ ነው። አንዳንዱ ክፍያ ደግሞ ዕቃው መድረሱ በወቅቱ ከተመዘገበ ይጨምራል። ጥቅሉ ላይ ያለችውን መለያ አይታችሁ ይሆናል፦ ሁለት የላቲን ፊደል፣ ዘጠኝ ቁጥር፣ ከዚያ የላኪውን አገር የሚያሳዩ ሁለት ፊደላት። ከኢትዮጵያ የሚሄድ ከሆነ መጨረሻው «ኢ.ቲ.» ነው። የመጀመሪያው ፊደል የዕቃውን ዓይነት ይናገራል፤ የአደራ ደብዳቤ፣ ጥቅል ወይም ፈጣን መልእክት። ይህች መለያ በየእጁ ስትነበብ ነው «ዕቃህ የት ደረሰ» የሚለው የሚታወቀው። ሠራተኛው ማንበቢያውን ሳያስነካ ከረጢቱን ካሳለፈ ለስልካችሁ ዕቃው ጠፋ፤ ለአገሪቱም ገቢው ቀነሰ። ስለዚህ ማንበቢያ መሣሪያ ከመግዛት በፊት፣ ሠራተኛው ሁሌ እንዲያነብ የሚያደርግ አሠራር ይቀድማል። መብራት ሲጠፋ ምን ይደረግ የሚለውም አብሮ መታሰብ አለበት። ጎንደር ላይ ይህ ጥያቄ የቅንጦት አይደለም።

እንግዲህ ማን ይክፈል?

ለመካነ ብርሃን 14,000 ብር ጉድለት ሦስት ዓይነት መልስ ሲሰጥ ኖሯል። የቆየው መልስ ለፖስታ ቤቱ ብቸኛ መብት መስጠት ነው፤ ከዚህ ክብደት በታች ያለ ደብዳቤ ከእሱ በቀር ማንም አያደርስም ይባላል። ደብዳቤው ራሱ ከቀረ ግን መብቱ ባዶ ሳጥን ነው። ሞተረኛውን ከልክለን የምናተርፈው ነገር የለም። ሌላው መልስ ዘርፉ ላይ የሚሠሩ ሁሉ ከገቢያቸው ትንሽ ትንሽ ወደ አንድ ፈንድ እንዲያስገቡና ከእሱ የሩቁ ቅርንጫፍ እንዲደጎም ማድረግ ነው። ጥሩ ነው፤ ግን ዘርፉ ገና ሲያድግ የሚሰበሰበው ጥቂት ነው፣ ትናንሾቹንም ሊያስመርር ይችላል።

እኔ የማምንበት ሦስተኛውን ነው። መንግሥት ለፖስታ ቤቱ በውል ይክፈለው። ውሉ በግልጽ ይጻፍ፦ በእነዚህ ወረዳዎች ቅርንጫፍ ወይም ወኪል ይኖርሃል፣ በሳምንት ይህን ያህል ቀን ይከፈታል፣ ደብዳቤ በዚህን ያህል ቀን ይደርሳል፣ ለዚህ ይህን ያህል ብር እንከፍልሃለን። የቀረው ሥራ ላይ ራስህን ቻል፣ ከሞተረኛው ጋር ተወዳደር። የድጋፉ መጠን በየወረዳው ይፋ ይውጣ። ጃናሞራ ላይ ያለ ሰው «በእኛ ስም ይህን ያህል ተከፍሏል፣ የታለ?» ብሎ ይጠይቅ። አሁን በብዙ ታዳጊ አገሮች ያለው ግዴታው ተነግሮ ክፍያው ዝም የተባለበት አሠራር ነው። ፖስታ ቤቱም ዝም ብሎ ይቀንሳል። ቅርንጫፉ አይዘጋም፤ ግን በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ይከፈታል፣ ቀጥሎ ሠራተኛው ይዛወራል፣ ከዚያ በሩ ላይ ዝገት።

ውሉን የሚቆጣጠረው ደግሞ ፖስታ ቤቱን ከሚያስተዳድረው የተለየ መሆን አለበት። ራሱ ሯጭ ራሱ ዳኛ ከሆነ ሁሌ አንደኛ ይወጣል።

መቆጣጠሩ እንዴት ነው? እዚህ ላይ የዓለም ፖስታ ኅብረት የሚጠቀምበት ዘዴ ደስ ይለኛል። የሙከራ ደብዳቤ ይላካል። ላኪውና ተቀባዩ ተራ ሰዎች ናቸው፤ ፖስታ ቤቱ የትኛው ፖስታ ሙከራ እንደሆነ አያውቅም። ውስጡ ቀጭን የሬዲዮ መለያ አለ፤ ትልልቅ ማዕከሎች በር ላይ ሲያልፍ ሰዓቱ ይመዘገባል። ሲጨረስ ደብዳቤው ስንት ቀን የት እንደተኛ ይታወቃል። በሪፖርት አይሸፈንም።

ለእኛ ወረዳዎች ሬዲዮ አያስፈልግም። መካነ ብርሃን የሚያስተምር ጓደኛ አለኝ። የፊታችን ሰኞ ፒያሳ ሄጄ አንድ የአደራ ደብዳቤ እልክለታለሁ። ውስጡ የምጽፈው የተላከበትን ቀንና ሰዓት ነው። እሱ የደረሰበትን ቀን ከሥሩ ጽፎ በዚያው መንገድ ይመልስልኛል። በዚያው ቀን ሌላ ቅጂ በመናኸሪያ በኩል፣ በረዳት እጅ ይሄዳል። ደረሰኙንም ታርጋውንም አስቀምጣለሁ።